የእትዬ ፈትለወርቅ ዋስ

አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬ ይቅደም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ስምንት ቀን ሆነው። ሾፌሩ ደግፌ በቢሯችን በር ባለፈ ቁጥር ሚኒባሱን ቀዝቀዝ አድርጎ «መልስ የለም?» ይለኛል፤ እኔም «ነገ» እለዋለሁ። የፓርቲያችን ነገር በስልክ አይወራም፣ በወረቀት ይጻፍ ያሉት እርስዎ ነዎት። ወረቀት ላይ ደግሞ እንደ ስልክ ቶሎ መሸፋፈን አይመችም፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት?

ሕዝቡ የሰማው ከእኛ ሳይሆን ከሬዲዮ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ እኔና ታምራት የቢሮውን ወንበር እየጠገንን ሳለ «የጉርብትና ፓርቲ ከገዢው ፓርቲ ጋር ጥምረት መሠረተ፤ ሊቀ መንበሯም የቢሮ ምክትል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ» አለ። ታምራት መዶሻውን አስቀመጠና «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተድረናል። ሽማግሌ ሲመጣ ግን አላየሁም» አለኝ።

እኔ እውነቴን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኛል። ዲግሪዬን በፌስታል ይዤ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆምኩ ልጅ ነኝ። ከውጭ ሆነን የጻፍናቸው አቤቱታዎች የት እንደገቡ አይታወቅም፤ አሁን ቢያንስ የሚገቡበት ጠረጴዛ የእርስዎ ነው። የጭልሞን መንገድ፣ የጌዶን የከብት ገበያ ውኃ፣ የሐሮ ወንጪን ጤና ኬላ በአንድ ወረቀት ዘርዝሬ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ስትገባ ሰዎቹን አማክራለች?» አለ። ያን ቀን መቼም አይረሱትም። ምርጫው ሊደርስ ወር ሲቀረው ጭልሞ ደን ጥግ ካለው ዝግባ ሥር ስልሳ አራት አባወራ ተሰብስቦ «ይቺ ሴትዮ የከተማ ሰው ናት፤ አያቷ ከየት እንደመጡም አናውቅም። ድምፃችንን ይዛ ወደ እነሱ ቤት ብትገባ የት እናገኛታለን?» ሲል አባቴ ነው የተነሣው። «እኔን ታውቁኛላችሁ። ዋሷ ነኝ። አትገባም፤ ከገባች እኔን ጠይቁኝ» አለ። እርስዎም አጠገቡ ቆመው «አልገባም» አሉ። በዞኑ ሁሉ አንደኛ የወጣነው በዚያ ምርጫ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ሦስት ድምፅ።

ስለዚህ አንድ ቀን ብቅ ብለው ቢያስረዷቸው ጥሩ ነው። ሲያስረዱ ማን እምቢ ይላል? እኔም አንዴ በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስረዱ እንቅልፌ የጠፋ ተማሪ ነኝ።

አክባሪዎ ሃዋኒ ዲንሳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ

ከእናት አባትሽ ጋር እንዴት ከርመሻል? ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ እዚህ ሊፍት ስላለ ጉልበት ሥራ ፈቷል። መልሴ የዘገየው በክፋት አይደለም። በቀን አራት ስብሰባ እቀመጣለሁ፣ በአራቱም የምናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

ዝርዝርሽ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ካርታ ስትስይ ከወንዙ በፊት መንገዱን ትስይ ነበር፤ አሁንም አልተውሽም። መጀመሪያ ወንዙ በየት እንደሚሄድ እንይ፣ ድልድዩ ይደርሳል።

ለምን እንደገባሁ ሳትጠይቂኝ ጠይቀሽኛል። አሥራ አንድ ዓመት ከበር ውጭ ቆሜ ተናገርኩ፤ የሰማኝ ዘበኛው ብቻ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለአንድ ቀበሌ እንኳ አንድ ነገር ሠርቼ ማለፍ እፈልጋለሁ። አባትሽ «አማክራለች ወይ» ላለው፣ አላማከርኩም። ባማክር እምቢ እንደምትሉኝ አውቅ ነበር። ይህን አንቺ አትንገሪው፤ ራሴ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ።

አንድ ቅያሜ ግን አለኝ። አሥራ ሰባት ሰው የአባልነት መታወቂያውን እንደመለሰ የሰማሁት ከታምራት ነው። አንቺ ስለ ጌዶ ውኃ ጻፍሽልኝ። ክፉውን ዜና ከቀባሽልኝ እኔ በምን እመራለሁ?

ከጥምቀት ማግስት ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ዝግባው ሥር እንገናኝ በይልኝ።

ፈትለወርቅ


አምቦ፣ የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ

በደግፌ የላኩት ስኳር ደርሷል። እናቴ መርቃዎታለች። አባቴ «ስኳር ማን ጠየቃት?» ብሎ ወጣ፤ ይህንም የጻፍኩት ዳግም እንዳይቀየሙኝ ነው።

በዚሁ ቅያሜ ምክንያት ቁጥሩን ሳልቀባ እነግርዎታለሁ። መታወቂያ የመለሰው ሃምሳ አንድ ሰው ነው። ሃምሳ ሁለተኛውን ትናንት ታምራት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ የራሱ ነው። ከትልቁ ፓርቲ ካርድ አውጥቷል። «ለአሽከሩ አሽከር ከመሆን ለጌታው መሆን ይሻለኛል» አለኝ። ቁልፉን ሲመልስ ግን ፊቴን አላየም። ሰው ሲቀልድ ዓይኑን የማያሳይ ከሆነ እኔም አልስቅም።

ያ ቅዳሜ የሆነውን ጠይቀውኛል። አባቴ ማለዳ ተነሥቶ ዝግባው ሥር ጠረገ፣ መቀመጫ ድንጋዮቹን አስተካከለ። ሰውም መጣ። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቁ። ስብሰባ እንደያዘዎት ለደግፌ የሰጡት ወረቀት የደረሰኝ ሰኞ ነው። አባቴ ለሰዎቹ «መኪና ተበላሽቶባት ነው» አላቸው። አባቴ ሲዋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሲዋሽ ደግሞ አያውቅበትም፤ ሁሉም ገባቸው።

ከታምራት ጋር ከመለያየታችን በፊት ጌዶና ወንጪ ደርሰን ነበር። ጌዶ ስብሰባው ላይ ዘጠኝ ሰው መጣ፣ ሁለቱ ዝናብ ሊያሳልፉ ነው። ሐሮ ወንጪ ላይ ሌንጂሳ የሚባለው ጀልባ ቀዛፊ፣ ባለፈው ምርጫ በጀልባው ላይ ባንዲራችንን የሰቀለው፣ ሐይቁ መሀል ላይ አንድ ነገር ብሎኛል። «አንዱ ረጅም መቅዘፊያ፣ ሌላው ማንኪያ ይዞ ቢቀዝፉ ጀልባዋ ወዴት ትሄዳለች? ማንኪያ የያዘው ግን ደክሞታል፤ እሱንማ አልክድም።»

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ሰው የሚቀየመው የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ነው። ቀን ይቁረጡልን። የትኛውም ቅዳሜ ይሁን።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? «በመንደራችሁ ምን ተባለ?» ላሉት የምመልሰው አጭር ነው፤ ፊርማዎን አዩት።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ከቢሮዎ የመጣውን ደብዳቤ ዝግባው ሥር ቆሞ አነበበው። ማዳበሪያው በቅድሚያ የሚሰጠው በክላስተር ለተደራጁ የስንዴ አራሾች እንደሆነ፣ ሌላው ተራ እንዲጠብቅ። የጭልሞ ጥግ ሰው ክላስተር የለውም፤ ጤፍ ነው የሚዘራው፣ መሬቱም ተዳፋት ነው። ሲጨርስ ኦቦ ዓብዲሳ፣ የአጥራችን ጎረቤት፣ «ማን ነው የፈረመው?» አለ። ባለሙያው ስምዎን አነበበ። «እስቲ አሳየኝ» አለና ወረቀቱን ተቀብሎ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ግን ይዞት ቆየ።

ውሳኔው የእርስዎ እንዳልሆነ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። «ታዲያ ምን ልትሠራ ገባች?» ይሉኛል። ለዚህ የሚሆን መልስ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ቢጽፉልኝ እጠቀምበታለሁ።

አባቴ በሐምሌ አቦ ማግስት ደቦ ጠርቶ ነበር። በየዓመቱ ሠላሳ ሰው በሬዎቹን ይዞ ይመጣል። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ እኔም ከአምቦ ሄጄ ስንጠብቅ አንድ ሰው መጣ፤ ኦቦ ዓብዲሳ። በሬ አልያዘም። «ልሠራልህ አይደለም የመጣሁት። እንደማልመጣ ልነግርህ ነው፤ ጎረቤት ነንና በወሬ እንዳትሰማው» አለ። አባቴ «ነጋ ዹፍቴ፣ በሰላም መጣህ፤ ግባና ጠላ ጠጣ» አለው። አልገባም።

ጤፉን እኔና አባቴ ዘራነው። ዲግሪ የያዘ እጅ ዘር ሲበትን አንድ ቦታ ላይ ይከምራል፤ አባቴ ከኋላዬ እየመጣ በእግሩ ይበትነው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቁጭ ብለን አንድ ነገር ነገረኝ፣ ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ አልተቆጣኋትም። ግን ከዋስነት ታውርደኝ። ዋስ የሚወርደው ዋስ የሆነለት ሰው መጥቶ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት አጠገቡ ቆሞ፣ ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ልቀቁት ሲል ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። አምስት ደቂቃ ነው።»

እትዬ፣ ስለ መንገዱም ስለ ውኃውም ከዚህ በኋላ አልጽፍም። ይቺን ብቻ ያድርጉልኝ።

ሃዋኒ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ

እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ጊዜ በር ዘግቼ።

ፊርማው የእኔ ነው። ረቂቁ ሲመጣ ተቃወምኩ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ተቃውሞዬ ተይዟል። «ተቃውሞሽ ተይዟል፣ አሁን ፈርሚ» አሉኝ። ባልፈርም የሚመጣው ሌላ ሰው ያቺን ቃለ ጉባኤ እንኳ አይጽፍም ብዬ ፈረምኩ። ምን ልትሠራ ገባች ለሚሉሽ የምሰጥሽ መልስ ይህ ነው። ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

መምጣቱን በተመለከተ፣ ከከተማ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ጠይቄ ነበር፣ መንገዱ ለባለሥልጣን አያመችም አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሦስተኛ ብጠይቅ ለምን ጭልሞ ጭልሞ ትያለሽ ይሉኛል።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ወረቀት አለልሽ። ኦቦ ዲንሳ ለእኔ ከገቡት ዋስትና ነፃ መሆናቸውን፣ ቃሉን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን በግልጽ ጽፌያለሁ። ማንም እንዳይጠራጠር ማኅተም አድርጌበታለሁ። ዝግባው ሥር ቆመሽ አንብቢላቸው። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ሳትቸኩዪ።

ፈትለወርቅ


አምቦ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ

አነበብኩት። ሳልቸኩል ነው ያነበብኩት።

የመጣው ሠላሳ የሚሆን ሰው ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመንገድ ላይ ሳለሁ ዛሬ ያልቃል፣ ለኅዳር አጨዳ ሰው ይመጣለታል ብዬ እያሰብኩ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ አነበብኩ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ደገምኩላቸው። ጽሑፉ ደግሞ ያምራል እትዬ፣ «ጥፋቱ የእኔና የእኔ ብቻ ነው» የሚለውን ደግሜ አነበብኩላቸው።

ሲያልቅ ኦቦ ዓብዲሳ «ጨርሰሻል?» አለኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲህ እኔ ጥያቄ አለኝ። ለምን ገባች? ጠይቂልኝና ይመልስልኝ» አለና ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወረቀቱን አየና ማኅተሙ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺን አውቃታለሁ። በሐምሌ ማዳበሪያ የከለከለችን ናት» አለ። እውነቱን ነው። የቢሮዎ ማኅተም ነው፣ ቁጥርና ቀን፣ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት የሚልም አለበት። እኔ ከአምቦ ይዤው ስመጣ አላየሁትም፤ እርስዎም ሲመቱበት አላዩትም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ዲንሳ፣ ተራህን ጠብቅ ተብለሃል፤ ክላስተር ግባ» አለው።

አባቴ አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሷ አጠገቤ ቆማ ነው ዋስ የሆንኩት። ወረቀት ዋስ አላስገባኝም፣ ወረቀትም አያወርደኝም» አላቸው። «ትመጣለች» ደግሞ አለ። ለምን እንዳለው አላውቅም።

ጤፉን ሦስታችን እናጭደዋለን። አምቦ ያለውን ቢሮ ግን እስካሁን በየቀኑ እከፍታለሁ። አንዳንድ ቀን ሰው ይገባል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት መስሎት።

ሃዋኒ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ

ከዓመት በላይ አልጻፍኩልሽም፤ አንቺ የጻፍሽልኝ አራቱ ግን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ስለ ማኅተሙ እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስህተት በቀይ ያሰመርኩ ሰው የራሴን አላየሁም።

የእናንተ ምርጫ ክልል ተመራጭ እንዳረፉ ሰምተሻል። በግንቦት ማሟያ ምርጫ ይደረጋል፤ በጥምረቱ ስምምነት ወንበሩ ለእኛ ተትቷል፣ የምወዳደረውም እኔ ነኝ። በግልጽ ነግረውኛል፣ ወንበሩን ካላመጣሁ ቢሮውም አይቆይም።

ስለዚህ በመጨረሻ ልመጣ ነው። ጊንጪ ላይ ሕዝባዊ ስብሰባ ተይዞልኛል። አባትሽን አገኘዋለሁ፤ ሰዎቹም እዚያ ይሆናሉ። አምስት ደቂቃ አይደል ያለው? ፖስተሩን በደግፌ ልኬልሻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አግዢኝ።

ፈትለወርቅ


ጊንጪ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ

በደህና እንደገቡ ደግፌ ነገረኝ። ንግግርዎ ተሰምቷል፣ ማይኩ ጥሩ ነበር።

ፖስተሩን ከአምቦ እስከ ጌዶ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ። ለእያንዳንዱ ሰው «ልትመጣ ነው» አልኩት። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሮጫለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ በደስታ ነው። ኦቦ ዓብዲሳን ሳይቀር ለምኜ ጊንጪ አምጥቼዋለሁ።

አባቴን ለምን እንዳላመጣሁት ጠይቀውኛል። መጥቶ ነበር። ከጭልሞ በእግሩ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ። ጥበቃዎቹ ዱላ ይዘህ አትገባም አሉት። ዱላውን ዋስ ሲሆን ይዞት የነበረ ነውና አልጥልም አለ። ሰው እንዳያልፍ የተወጠረው ገመድ ጋ ቆመ። እኔ መድረኩ ሥር ሆኜ አስተባባሪዎቹን ስለምናቸው «ፕሮግራም ላይ የለም» አሉኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ተናግረው መኪናው ውስጥ ገቡ፤ በገመዱ በኩል ሲያልፉ ፈገግ ብለው እጅዎን አወዛወዙለት። እርስዎ ያላዩት መስሎዎታል፤ አይተውታል፣ አላወቁትም እንጂ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ምን አለችህ?» አልኩት። «ሰላም አለችኝ» አለ። «ስለ ዋስነቱስ?» ስለው «መስኮቱ ተዘግቶ ነበር» አለኝ። ኦቦ ዓብዲሳ ከጎናችን ይሄድ ነበር። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለአባቴ ያዘነለት ያን ቀን ነው።

ምርጫው እሑድ ነው። ወኪል ሆኜ የምቀመጠው በጭልሞው ጣቢያ ነው።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈትለወርቅ

ደብዳቤዎ ከአዲሱ አድራሻዎ ደረሰኝ። ቤቱ ጠባብ ነው ብለዋል፤ ጤና ይስጥዎ እንጂ ይለመዳል።

ውጤቱን በር ላይ ሲለጥፉት አብሬ ነበርኩ። ባለፈው ሁለት መቶ ሦስት የነበረው አሁን አንድ ነው። ያሸነፈው የጊንጪው የግል ተወዳዳሪ ነው፣ እህል ነጋዴው። የትልቁ ፓርቲ ሰዎችም ለእኛ አልመረጡም፤ ታምራት ራሱ «እናንተን የምንመርጠው እኛ ምን ሆነን ነው?» ብሎኛል፣ ያለ ክፋት።

«ያ አንድ ድምፅ የአንቺ ነው ብዬ አለቀስኩ» ብለው ጽፈዋል። የእኔ አይደለም። ወረቀቱን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ፤ ስምዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካው አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት። ሲቆጠር «ባዶ፣ አንድ» ብለው የጠሩት የእኔ ነው። ወኪል ነኝና ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩት።

የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሰው ሁሉ ከበሩ ወደ አባቴ ዞረ። ኦቦ ዓብዲሳ «አንተ ነህ?» አለው። «ማን ሊሆን ኖሯል?» አለ አባቴ። «ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን?» አለው። «ዋስ ነኝ። ዋስ ሆኜ ሌላ ልምረጥ?» አለ።

«ሹመቱም ሄደ፣ አሁን ፈቃድ የሚከለክለኝ የለም፣ በፈለጋችሁት ቅዳሜ መጥቼ ዝግባው ሥር ላውርደው» ብለዋል። ለአባቴ አነበብኩለት። ቆይቶ «ማን ፊት?» አለ። እኔም ተነሥቼ ቤት ለቤት ሄድኩ። ይሄ የመጨረሻው የፓርቲ ሥራዬ ነው ብዬ ስልሳ አራቱንም ቤት አንኳኳሁ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ጉዳዩ አልቋል» ነው የሚሉት፤ አንዷ «የቷ ፈትለወርቅ?» አለችኝ። ኦቦ ዓብዲሳ በር ድረስ ሸኝቶኝ «ልጄ፣ የምንጠይቃት ነገር የለንም። መቀመጫ ይዘን የምንሰማት የምንጠይቃት ነገር ሳለን ነበር» አለኝ። ስለ ደቦው አነሣሁለት። እሱማ ሌላ ነው አለ፤ ሰው አንዴ ከቀረ መጀመሪያ የሚመጣው ማን ይሁን እየተባለ ይቀራል።

ለአባቴ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። የሰሙት ሰዎች በሌሉበት ዋስ አይወርድም።

የቢሮውን ቁልፍና የፓርቲውን ማኅተም በደግፌ ልኬልዎታለሁ። መምጣትዎን አልከለክልም፤ በየትኛውም ቀን ይምጡ። አባቴ ቤት ነው። የሚጠራው ስለሌለ ሁልጊዜ ቤት ነው። ይቀበልዎታል፣ ወንበር ያወጣልዎታል፣ ዋስዎ ነውና።

ሃዋኒ